መምህራን፣ ግቢያችሁ ውስጥ ምን አያችሁ? (ተረትና ምሳሌ የተከለከለበት ክር)

ጠመኔ በኪሴ (አማርኛ፣ 9ኛ ክፍል፣ አራት ኪሎ አካባቢ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ስልጠና በሄድን ቁጥር አንድ አሰልጣኝ ይነሳና ስለ ንስር ይነግረናል። ንስር ሲያረጅ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ማንቁሩን ከድንጋይ እያጋጨ ይሰብራል፣ ላባውን ይነቅላል፣ ከዚያ እንደገና ወጣት ይሆናል። እናጨበጭባለን። ሻይ እንጠጣለን። ወደ ክፍላችን እንመለሳለን። ንስር ግን እንዲህ አያደርግም። ማንቁሩ የተሰበረ ንስር ሥጋ መቦጨቅ አይችልም፣ በረሃብ ይሞታል። ውሸት ላይ የቆመ ምክር መስማት ሰልችቶኛል።

ስለዚህ ይህን ክር ከፈትኩ። ሕጉ ቀላል ነው። በዓይናችሁ ያያችሁት ይሁን። ከትምህርት ቤታችሁ ግቢ ወይም ከመንገዳችሁ ይሁን። ትንሽ ነገር ይሁን። ተረትና ምሳሌ አይፈቀድም። "ድር ቢያብር" ያለ ሰው ሁላችንንም ሻይ ይጋብዛል።

እኔ ልጀምር። ከክፍላችን ጀርባ አምና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አለ። ጉቶው ዙሪያውን አቆጥቁጧል። ጠጋ ብላችሁ ቅጠሉን እዩት። ክብ ነው ማለት ይቻላል። ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ነው፤ በጣት ሲያሹት ነጭ ብናኝ ይለቅቃል። ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ፊት ለፊት፣ ግንዱን አቅፎ ይወጣል። ቀና ስትሉ አጥሩ ጋ ትልቁ ባሕር ዛፍ ቆሟል። የሱ ቅጠል ረጅም፣ ቀጭን፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ ነው። የማያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው ቢሉት አያምንም። ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው። ግማሾቹ "ቲቸር፣ ይሄማ ሌላ ተክል ነው" አሉኝ።

አሁን ስታፍ ውስጥ የሚወራውን አስቡ። "የዘንድሮ 9ኛ ክፍሎች ደግሞ ባሰባቸው!" በየዓመቱ መስከረም ላይ ይባላል። ዛሬ 12ኛ ክፍል ሆነው የምናመሰግናቸውን ልጆችም ያኔ ይህንኑ ብለናቸዋል። ከዚህ በላይ አላብራራም። እናንተ ቀጥሉ።


ሰሌዳ ጠራጊ (ታሪክ፣ ፒያሳ)

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ሻዩን የት ልጋብዛችሁ?


ጠመኔ በኪሴ

እዚያው አንተ ሰፈር፣ ፒያሳ። ኬክም ይጨመርበታል።


ባዮ ላብ (ባዮሎጂ፣ ካሳንቺስ)

ጠመኔ፣ ጥሩ አይተሻል። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው የልጅነት ቅጠልና የአዋቂነት ቅጠል አለው። ከፈለግሽ የለጋውን ቀንበጥ በጣቶችሽ መሃል አሽከርክሪው። ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። የትልቁ ዛፍ ቅርንጫፍ ግን ድቡልቡል ነው።

ዛፉ ራሱ እንግዳ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ ሲጠፋ የገባ። ዛሬ የኛ አይደለም የሚል ሰው ቢመጣ እንጣላለን።

አንድ የምጨምረው አለ። ያ ጉቶ ሥሩ ምናልባት የብዙ ዓመት ነው። ሲቆረጥ ግን ከየት ይጀምራል? ከልጅነት ቅጠል። ሽማግሌ ዛፍ ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ ክብ ክቡን ቅጠል ነው የሚያወጣው። ረጅሙ በኋላ ነው የሚመጣው።

አምና 11ኛ ክፍል በዓመቱ አጋማሽ አንዲት ልጅ መጣችልን። ሰፈራቸው ተነስቶ፣ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ቤት ደርሶት፣ ትምህርት ቤት ቀይራ። ካርዷን አየሁት፣ ሰቃይ ናት። ክፍል ውስጥ ግን "ቲቸር፣ በቀይ ነው በሰማያዊ የምንጽፈው?" ትላለች። "ርዕሱን እናስምርበት?" ትላለች። ልጆቹ ይስቁባታል። አንድ ባልደረባዬ "ካርዱ የተጋነነ ነው" አለ። እኔ ጉቶውን አውቀዋለሁና ዝም አልኩ። በቀይ ጻፊ አልኳት። አስምሪበት አልኳት። በሰኔ ማንም ምንም አይላትም ነበር።


ስታዲየም ዙሪያ (4ኛ ክፍል፣ ሁሉንም የማስተምር)

እኛ ጋ ዋናው ጉዳይ ጭልፊት ናት።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጣሪያው ላይ ይደረደራሉ። ደወሉን ከዘበኛው በላይ የሚያውቁት ይመስለኛል። ልጆቹ ሰሃናቸውን ይዘው ሲወጡ አንዷ ዝቅ ትልና ከእጅ ላይ ላፍ! ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትመጣው። ሁልጊዜ እየሄደ የሚበላውን ልጅ ነው የምትመርጠው። የተቀመጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ፣ ዛፍ ሥር የገባ ልጅ ምንም አይሆንም።

ይህን ማንም መምህር አላስተማራቸውም። መስከረም ላይ አዲሶቹ ይነጠቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ነባሮቹ መጀመሪያ ይስቃሉ (ልጅ ናቸው)። ከዚያ አንዷ ትነሳና አዲሱን ልጅ በክንዱ ይዛ ግድግዳው ጋ ታስቀምጠዋለች። ጀርባውን በእጇ ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች። ንግግር የለም። "ተጠንቀቅ፣ ጭልፊት አለች፣ ምክንያቱም..." የሚል ማብራሪያ የለም። ሁለተኛ አይነጠቅም።

እኔ ያንኑ ልጅ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ ለማስረዳት ግማሽ ፔሬድ እናገራለሁ። አሁን እጁን ይዤ ጣቶቹን ቦታቸው ላይ አደርጋለሁ። አለቀ።


ሒሳብ ብቻ (ሒሳብ፣ 10ኛ እና 11ኛ)

ይቅርታ፣ ድግሱን ላበላሽ ነው።

ከተፈጥሮ ምክር መልቀም ቀላል ነው። የፈለጋችሁትን ታገኛላችሁ። ባሕር ዛፉን አመሰገናችሁት። ያው ባሕር ዛፍ ውሃውን መጥጦ ከሥሩ እህል እንዳይበቅል ያደርጋል። ከዚህስ ምን እንማር? ጎበዝ ተማሪ ጎረቤቱን ያድርቅ? ወንድ አንበሳ አዲስ መንጋ ሲይዝ የቀድሞውን አባወራ ግልገሎች ይገድላል። ይህን አዲስ ለተሾመ ርእሰ መምህር ልንገረው?

እኛ ደግ ደጉን እየመረጥን "ተፈጥሮ አስተማረችን" እንላለን። ቀድሞ ያመንነውን ነገር ይዘን ሄደን፣ ያንኑ ይዘን እንመለሳለን። ከንስሩ ወሬ የሚለየው በምኑ ነው?


ጠመኔ በኪሴ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ንስሩ ውሸት ነው፣ ጉቶው እውነት ነው። አንድ ልዩነት ይኸው።

ሌላው፣ ጉቶው እኔን አላስተማረኝም። ጉቶ ነው። ቆም ብዬ እንዳይ ግን አደረገኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌ አላየሁትም። ከዚያ ክፍል ስገባ "ከአጠገቡ የማልፈው ማን ነው?" አልኩ። የአንበሳው ግን አሳቀኝ።


ባዮ ላብ

ሒሳብ ብቻ፣ ለአንተ የሚሆን አለኝ። ቁጥርም አለበት።

በ1992 እ.ኤ.አ. ካሮ እና ሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ አነሱ። እንስሳ "አስተማረ" የሚባለው መቼ ነው? መስፈርት አወጡ። አንደኛ፣ አስተማሪው የማያውቅ ተማሪ ሲኖር ብቻ አሠራሩን ይቀይራል። ሁለተኛ፣ በዚህ ምክንያት ይከስራል፤ ቢያንስ ወዲያው አያተርፍም። ሦስተኛ፣ ተማሪው ብቻውን ቢሆን ከሚያውቀው ፈጥኖ ያውቃል። (ስንቱ ፔሬዴ ይህን መስፈርት እንደሚያልፍ አትጠይቁኝ።)

በ2006 እ.ኤ.አ. ናይጀል ፍራንክስ እና ቶም ሪቻርድሰን ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ይህን መስፈርት የምታሟላ ጉንዳን አገኘን ብለው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ጉንዳኗ የአውሮፓ ናት። የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር፣ በጣም ትንሽ። ምግብ ያለበትን ያወቀችው ያላወቀችውን አስከትላ ትወጣለች። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ተከታይዋ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ምልክት ትይዛለች። ሲበቃት ተመልሳ የመሪዋን ጀርባ በአንቴናዋ መታ መታ ታደርጋለች። መሪዋ የምትንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ካልተነካች ቆማ ትጠብቃለች። ብቻዋን ብትሆን 4 እጥፍ ያህል ፈጥና ትደርስ ነበር። ያንን ሁሉ ጊዜ ለተከታይዋ ትከፍላለች።

ግቢያችን ውስጥ የምናያቸው በሰልፍ የሚሄዱት ሌላ ናቸው። እነሱ መሬቱ ላይ የተጣለ ሽታ ነው የሚከተሉት። መስመራቸውን አንድ ቦታ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና እዩ። እዚያ ሲደርሱ ይተረማመሳሉ። ጥቂት ቆይተው አንዷ ትሻገራለች፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ከተማሪዎቼ ጋር ሞክረነዋል፣ ይወዱታል።

እኔን የያዘኝ ግን ያች መታ መታ ናት። "ገባችሁ?" እላለሁ። ክፍሉ በሙሉ "አዎ ቲቸር!" ይላል። ይህ መታ ማድረግ አይደለም። ዝማሬ ነው።


ጀማሪው (ሲቪክስ፣ ገና አንደኛ ዓመቴ)

ባዮ ላብ፣ ጽሑፍህ አሪፍ ነው፤ ግን እኔ ክፍል 62 ልጅ አለ። ጉንዳኗ ያላት ተከታይ አንድ ነው። 62 ሰው ጀርባዬን መታ መታ ቢያደርገኝ ሆስፒታል ነው የምገባው።

ደግሞ ይዘቱ አያልቅም። ዩኒት ሊደሩ "ምዕራፍ ስንት ደረስክ?" ነው የሚለኝ። "ስንት ልጅ ገባው?" ብሎኝ አያውቅም። ጉንዳኗ ዩኒት ሊደር የላትም።


ጡረታ ላይ (ቀበና)

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ስጀምርም ክፍሉ ሙሉ ነበር፣ ስወጣም ሙሉ ነበር። ስለዚህ ክፍሉ እስኪጎድል አትጠብቅ።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። እጅ ያወጣውን ቶሎ አልጠራም። ዓይኔን መሃል ወንበር ላይ አደርጋለሁ። ፊት የተቀመጡት ጎበዞች ናቸው፣ ኋላ ያሉትን ሁሉም መምህር ያያቸዋል ለመቆጣት። መሃሉን የሚያይ የለም። ዝም ስል መሃል ላይ አንድ ፊት ይለወጣል። እሱን እጠራለሁ። በአንድ ፔሬድ አንድ ልጅ ይበቃል። በወር ሁሉን አዳረስክ።

ተፈጥሮ ነው ካላችሁ፣ ቀበና ወንዝ ዳር የምታድን ወፍ አይቼ ይሆናል የተማርኩት። አላስታውስም። ምናልባትም እናቴ ናት።


ስድስት ኪሎ (እንግሊዝኛ)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ጥናት ወጥቶበታል። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ የመምህራንን ድምፅ ቀድታ ሰዓት ያዘች። መምህር ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ የሚጠብቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወይ ሌላ ይጠራል፣ ወይ ራሱ ይመልሳል። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት ልጆቹ ረዘም ያለ መልስ መስጠት ጀመሩ። "አላውቅም" ቀነሰ። ሳይጠሩ የሚናገሩ፣ ራሳቸው ጥያቄ የሚጠይቁ በዙ።


ሒሳብ ብቻ

3 ሰከንዱን ተቀብያለሁ። ግን እሱ ከሰዓት የመጣ ነው እንጂ ከጉንዳን የመጣ አይደለም። ይመዝገብልኝ።


ጀማሪው

ዛሬ ሞከርኩት። 3 ሰከንድ ረጅም ነው ጎበዝ! ላብ አጠመቀኝ። ከፊት አንዱ "ቲቸር፣ ረሳኸው እንዴ?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ።

ቢሆንም አልተናገርኩም። ከመሃል አንድ ልጅ ስሙን እንኳ በደንብ የማላውቀው እጁን ግማሽ አወጣ። መልሱ ስህተት ነው። ግን የራሱ ስህተት ነው፣ ከጎበዟ የተቀዳ አይደለም። ስህተቱን ይዘን ሩቅ ሄድን። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ።


ሰሌዳ ጠራጊ

እኔ ደግሞ ዳስተር ከስታፍ እንዲያመጣ የላክሁት ልጅ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። (ተረት አይደለም፣ ወሬ ነው። ሌላ ሻይ አልጋብዝም።)

ስወጣ በቁሙ ቁራ ሲያይ አገኘሁት። ያ ትልቁን የኛን ቁራ ታውቁታላችሁ፣ ማንቁሩ ግዙፍ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት። ከምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም ይላሉ የወፍ ሰዎች። ፈረንጅ ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው ይመጣል፣ እኛ በድንጋይ እናባርረዋለን። ቆሻሻ መጣያው ጋ ቆሞ ፌስታል ይፈትሻል። ልጁ "ቲቸር ይዩት፣ ማንቁሩን እንደ ማጭድ ነው የሚያወናጭፈው፣ ገልብጦ ከሥር ያለውን ነው የሚበላው" አለኝ። እውነቱን ነው። ወደ ጎን ይጠርጋል፣ ያያል፣ ይጠርጋል።

ልቆጣ ነበር የወጣሁት። አብሬው ቆምኩ። ሰሌዳው ሳይጠረግ ደወለ።


ስድስት ኪሎ

እሺ፣ የኔን ልጻፍ። የመስቀል ወፍ።

በዓመት አንዴ የሚታይ ሰው ሲሆን በሱ እንጠራዋለን። እኛ ሰፈር ሳር ባለበት አሁንም አለ። ወንዱ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ማንቁሩ ቀይ ነው፣ ጭራው ከገላው እጅግ ይረዝማል። ሲበር ጭራው ኋላ ይውለበለባል። በክረምቱና በመስከረም አካባቢ ይታያል፣ ከዚያ "ይጠፋል"።

የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። ወቅቱ ሲያልፍ ያ ጭራ ይረግፋል። ላባው ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል፣ እንደ ሴቷ። ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅሎ እዚያው አጥር ላይ ይቀመጣል። ማንቁሩን ካላያችሁ አትለዩትም። ዓመቱን ሙሉ አብሮን ነው። እኛ ነን በጭራው ብቻ የምናውቀው።

ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ በወላጆች ቀን ድራማ ሠርቶ ግቢውን በሳቅ ያፈረሰ። ከዚያ በፊት ስም ስጠራ "አቤት" ከማለት በቀር ድምፁን አልሰማሁም። በዓሉ አለፈ። በሳምንቱ እንደገና "አቤት" ብቻ ሆነ። እኔም እንደገና ልረሳው ምንም አልቀረኝም። አሁን ጥያቄ ሳወጣ ሁለት ልጆች እየተነጋገሩ የሚጫወቱት አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። ጭራው እስኪበቅል አልጠብቅም።


ሒሳብ ብቻ

የመስቀል ወፍ ሴቷ ግን እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ነው የምትሄደው። ልጇን ራሷ አታሳድግም። ይህንን ለወላጅ ኮሚቴ ንገሪልኝ።


ባዮ ላብ

እውነት ነው። ዋክስቢል በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ጎጆ ትጥላለች። ግን አንድ ነገር ጨምር። እንደሷ በሌላ ወፍ ጎጆ የሚጥሉ አንዳንድ የኩኩ ወፍ ዝርያዎች ጫጩታቸው ገና ዓይኑ ሳይከፈት የባለቤቶቹን እንቁላል ገፍትሮ ይጥላል። የመስቀል ወፍ ጫጩት እንዲህ አያደርግም። ከባለቤቶቹ ጫጩቶች ጋር አብሮ አፉን ከፍቶ እየበላ ያድጋል።

ምን እንደምታደርገው ላንተ ትቻለሁ። እኔ ምክር አላወጣሁም።


ጡረታ ላይ

ይህ የመጨረሻው እኔን ነካኝ። የሰው ልጅ ስናሳድግ ነው የኖርነው።


የመጀመሪያዋ (1ኛ ክፍል)

ሁላችሁም ስለራሳችሁ ነው የምታወሩት። ልጆቹስ ምን ያያሉ? እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ የምትፈልጉ ሞክሩት።

ክር ቆርጬ ለሁለት ለሁለት ልጅ ሰጠሁ። ሳሩ ላይ ክብ አድርገው ዘረጉት። "ከክቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳሉ" አልኳቸው። ጠጠር፣ የማስቲካ ወረቀት፣ ሦስት ዓይነት ሳር፣ የደረቀ ጥራጊ፣ ጉንዳን። መጀመሪያ "ምንም የለም ቲቸር" የማይል የለም። ትንሽ ሲቆዩ ወረቀቱ አልበቃ ይላቸዋል። ሁለት ልጆች ተጣሉ፤ ጉንዳኗ የዳቦ ፍርፋሪ ይዛለች፣ ወደ ቤቷ ነው የምትሄደው ወይስ ከቤቷ ነው የምትወጣው? እኔን ዳኛ አደረጉኝ። "ተከተሏት" አልኳቸው። ክሩን ጥለው በእንብርክክ ሄዱ። ልናገር ስል አንዷ ዞራ "እሽሽ! ትሰማናለች" አለችኝ።

በዚያ ሰዓት ሱፐርቫይዘር መጣ። ዕለታዊ እቅዱን ጠየቀኝ። እቅዱ ላይ "በአካባቢያችን የሚገኙ ሕይወት ያላቸውና የሌላቸው ነገሮች" ይላል። መጽሐፉ ላይ የላም ሥዕልና የድንጋይ ሥዕል አለ። "ታዲያ ለምን መጽሐፉን አልተጠቀምሽም?" አለኝ። ልጆቹ በእንብርክክ ናቸው። ዩኒፎርማቸው አረንጓዴ ሆኗል። ነገ የእናቶች ስልክ እንደሚጮህ እያወቅሁ ነው የቆምኩት። ጮኸም።

አስተያየት መስጫው ላይ "የክፍል አያያዝ፦ መሻሻል አለበት" ተጽፎልኛል። አልተሻሻለም።


ስታዲየም ዙሪያ

እህቴ፣ የዩኒፎርሙን ነገር በጋዜጣ ፍቺው። ከሥራቸው ጋዜጣ አንጥፊላቸው። ክሩን ግን ሰኞ እሰርቅሻለሁ።


ጠመኔ በኪሴ

ለሚመለከታችሁ፦ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ቁራውም፣ ጭልፊቷም፣ ሌላውም ወፍ ደርቆ ተሞልቶ ቆሟል። ስንቶቻችን ከአጠገቡ ታክሲ ይዘን እናልፋለን? በአየር ላይ የምታመልጥህን ወፍ እዚያ ማንቁሯን ጠጋ ብለህ ታያለህ። ተማሪ ይዞ ለመሄድ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ፣ የትምህርት ቤቱን የትብብር ደብዳቤ መያዝ ይሻላል።


ጀማሪው

ሲቪክስ መምህር በምን ሰበብ ነው ወፍ የሚያሳየው?


ሰሌዳ ጠራጊ

"የጋራ ሀብትን መንከባከብ"። እቅዱ ላይ እንዲህ ጻፍ። ማንም አይነካህም።


ሒሳብ ብቻ

እሺ፣ ስድባችሁን ጠግቤያለሁ። የኔንም ልስጥ። ምክር የለውም፣ ግራፍ አለው።

ሃርሎ ሻፕሊ የሚባል የታወቀ የሥነ ፈለክ ሰው ነበር። ፀሐያችን በጋላክሲያችን መሃል እንዳልሆነች ያሳየው እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ሌሊት ከዋክብት ያያል፣ ቀን ደግሞ ግድግዳው ሥር የሚሄዱ ጉንዳኖችን ያያል። ርቀት ለክቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ፍጥነታቸውን መዘገበ። ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። ግንኙነቱ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሳ ከጉንዳኗ ፍጥነት ተነስቶ የአየሩን ሙቀት በ1 ዲግሪ ልዩነት ያህል መገመት ይችል ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. አሳተመው።

የኛ ግቢ ግድግዳ ላይ መስመር አለ። በጠመኔ 30 ሴንቲ ሜትር ምልክት አደረግሁ። ልጆቹ በስልኬ ሰዓት ያዙ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ጃኬት ለብሰን እየተንቀጠቀጥን፣ እነሱም ይጎተታሉ። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ልጆቹ ሰዓቱን ማቆም አቃታቸው። ነጥቦቹን ሰሌዳ ላይ አስቀመጥን። "ቲቸር፣ መስመር ይሠራል!" አለ አንዱ፣ አምና በሊኒየር ፈንክሽን ያለቀሰብኝ ልጅ። ሌላዋ ደግሞ "ቀጥ አይልም፣ ይጎብጣል" አለች። ክርክሩ አላለቀም።

የቀረኝ የሙቀቱ ዘንግ ነው። "ጠዋት" እና "ቀትር" ብዬ አልተወውም። ቴርሞሜትር ማን ጋ አለ?


ባዮ ላብ

እኛ ላብ ውስጥ ሁለት አሉ። አንዱ ይሠራል።


ሒሳብ ብቻ

የሚሠራውን አውሰኝ። ማክሰኞ 4ኛ ፔሬድ ክፍት ነኝ።


ባዮ ላብ

ላብ ቴክኒሺያኑ ፈርም ይልሃል። መታወቂያህን ይዘህ ና። ግራፉን ግን ለኔ 11ኛ ክፍሎችም ታሳያለህ፣ ያለዚያ አይወጣም።